ሙሉው ዲስክ ይጥፋ?

ሰኞ፣ ጁን 3

ብርድ። ጠመኔው ጣቴ ላይ አልቆም ብሎኝ ዋለ። ልጆቹ የሹራባቸውን እጅጌ እስከ ጥፍራቸው ስበው ነው የተማሩት።

ከሰዓት በኋላ የጭነት መኪናው ከዋናው ከተማችን ከሞንጉ ገባ። ባሕር ማዶ ያለ አንድ ቤተ ክርስቲያን የላከልን ላፕቶፖች... በመጨረሻ! ርዕሰ መምህራችን ሚስተር ሙንዲያ ካርቶኑን ራሱ በቢላ ቀደደው። ቀደደና ቢላውን አጠፈ። እኔም አንገቴን አስግጌ አየሁ። ጡብ የሚያክሉ፣ ጥቋቁር፣ አንዳንዶቹ የፊደል ቁልፋቸው የረገፈ።

«ማዳም ናሲሌሌ፣ እነዚህ የሚገቡት ክፍል ነው ወይስ ሙዚየም?»

«እስኪ ላያቸው፣ ጌታዬ።»

አብዛኞቹ ይበራሉ። ግን ውስጣቸው ያለው ዊንዶውስ ከእነሱ ጋር አብሮ ያረጀ ነው፤ የይለፍ ቃሉንም የሚያውቅ የለም። ሌላ ቀለል ያለ ሲስተም ካልጫንኩባቸው በር ለመደገፍ ካልሆነ አይረቡም። የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ዓመቱ ሲያልቅ የተግባር ፈተና አለባቸው። እስከዛሬ ሁለት ኮምፒውተር እየተጋፉ ነው የተማሩት። እንዴትም ብዬ አስነሳቸዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ጁን 4

ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሲስተም፣ አዲስ የወጣውን፣ ፍላሽ ላይ ጭኜ ሄድኩ። ልጆቹ ፊት ሰካሁት። ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ መጣ... ይህ ሲስተም ባለ 64 ቢት ፕሮሰሰር ይፈልጋል፤ ይህ ማሽን ግን የለውም። አለቀ። ሌላውን ሞከርኩ፤ ያው። ሌላውን... ያው። አንዲቷ ልጅ ከኋላ፣ «ማዳም፣ እምቢ አሉሽ እኮ» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ሉሳካ ኮምፒውተር ለሚጠግነው ለአክስቴ ልጅ ለሊካንዶ ደወልኩ። ሳቁ ከልጆቹም ባሰ።

«ናሲ፣ ሽማግሌ ጫንቃ ላይ ሲሚንቶ እየጫንሽ ነው እኮ! በድሮው በ32 ቢት የሚሠራ ፈልጊ። ከዚያም ውስጥ ቀላሉን።»

«ስንት ዓይነት አለ?»

«ስንት ዓይነት ቡሆቤ አለ? ገንፎ እንደ አገንፊው ነው። ቅመሺና የሚስማማሽን ያዢ።»

ሐሙስ፣ ጁን 6

ስቀምስ ዋልኩ።

አንዱ መልኩ ያምራል፤ ግን ጠቋሚው ቀስት ጭቃ የያዘው በሬ ሆነብኝ። አንድ ነገር ነክቼ እስኪከፈት ሻይ ፈልቶ ይጠጣል። ሜሞሪያቸው ትንሽ ነው፤ አይሸከምም።

ከዚያ ፓፒ የሚባለውን ሰካሁ። ቡችላ ማለት ነው። ደንግጬ ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋሁት። ያ ጡብ... ሮጠ! ከፍላሹ ይነሳና ሜሞሪው ላይ ወጥቶ እዚያው ይሠራል፤ ዲስኩን አይነካም። ግን ፍላሹ ከጠፋ ክፍል የለም። ደግሞ የከፈተው ሁሉ የማሽኑ አዛዥ ነው፤ እነዚህ ልጆች በአንድ ቀን ያፈርሱታል።

ሦስተኛው አንቲኤክስ። ከቡችላው ትንሽ ቀስ ይላል። ግን ዲስኩ ላይ ይጫናል፤ ለተማሪና ለአስተማሪ የተለያየ መግቢያ አለው።

ሚስተር ሙንዲያ መጣ። የሞከርኳቸውን ነገርኩት።

«ቡችላ? ለእኔ ትምህርት ቤት ቡችላ? ወላጆች ቢሰሙ ምን ይላሉ? ዊንዶውስ የለም?»

«አዲሱን አይችሉትም፣ ጌታዬ። አንቲኤክስ የሚባል ሌላ አለ።»

«እሱ ይሁን። ቢያንስ ስሙ መድኃኒት ይመስላል።»

ዓርብ፣ ጁን 7

ወሰንኩ። አንቲኤክስ። ጠዋት ጀመርኩ፤ መብራት እስኪሄድ አልተነሳሁም።

ሲጫን አንድ ቦታ ላይ ይጠይቃል... ሙሉው ዲስክ ይጥፋ? አዎ። ቀጣዩ። ሙሉው ዲስክ ይጥፋ? አዎ። እጄ ለመደው። ጥያቄውን ማንበብ ሁሉ ተውኩ።

ልጨርስ ስል ሚስተር ሙንዲያ ከቢሮው ቁም ሳጥን አንድ ሌላ ጥቁር ላፕቶፕ ይዞ መጣ። ክዳኑ ላይ የሻማ ሰም ጠብ ብሎበት ደርቋል።

«ይሄንንም ጨምሪው።»

«የማን ነው?»

«እኔ ቢሮ ውስጥ ያለ ሁሉ የትምህርት ቤቱ ነው።»

አበራሁት። የሚነሳ ሲስተም አላገኘሁም ብሎ ቆመ። የተበላሸ ነው። ፍላሹን ሰካሁ። አዎ።

እሑድ፣ ጁን 9

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡሆቤ በማቢሲ እርጎ በላሁ። ተኛሁ። የረካ ሰው እንቅልፍ።

ማክሰኞ፣ ጁን 11

እያንዳንዷ ልጅ የራሷ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠች! የራሷ! ፊደል ፍለጋ ጣታቸው እንደ ዶሮ ሲለቅም... የአያቶቻቸውን ስም ጻፉ፣ ስዕል ሳሉ፣ አንዷ ለሚስተር ሙንዲያ ቀንድ ሣለችለት። እንዳላየሁ ሆንኩ። በዚህ ሙያ ከገባሁ እንደዛሬ ደስ ያለኝ ቀን መኖሩን እንጃ።

ሐሙስ፣ ጁን 13

በቅደም ተከተል ልጻፈው... ምናልባት ይገባኛል።

ከምሳ በኋላ አንድ ሽማግሌ ክፍሉ በር ላይ ቆሙ። ረጅም ናቸው። ሰላምታቸው ግድግዳውን አናወጠው። አባባ ሊስዋኒሶ፣ በእኛ አጠራር ንዳቴ ሊስዋኒሶ ናቸው፤ ድልድዩ ሳይሠራ በፊት መኪና ከወንዙ ማዶ ለማዶ የምታሻግረውን ጀልባ፣ ፖንቶኑን፣ ይነዱ የነበሩት። ዕድሜያቸውን ሙሉ በሞተር ላይ ሲጮሁ ኖረው አሁን ሹክ ማለት ቢፈልጉም አይችሉም። ጆሯቸውም በደንብ አይሰማም፤ አንዱማ ጭራሽ።

ታላቅ ሰው ፊት እንደ ወጋችን ተንበርክኬ አጨበጨብኩ፤ መለሱልኝ።

«ማሽኔን ልወስድ መጣሁ! ለፋሲካ ለሚስተር ሙንዲያ ሰጥቼው ነበር፤ አስፈውሱልኝ ብዬ። አንቺ ነሽ አሉ ሐኪሟ!»

ገና አልገባኝም። «የትኛው ነው?» አልኩ። ዓይናቸው በጠረጴዛዎቹ ላይ ሄዶ ሄዶ ሰም ጠብ ያለበት ላይ አረፈ። ክዳኑን ዳሰሱት፤ እንደ ልጅ ራስ። አበራሁላቸው። ስክሪኑ ሲበራ ጊዜ፣ እኒያ ትልቅ ሰው፣ እዚያው ቁጢጥ ብለው ለእኔ አጨበጨቡልኝ። ለእኔ!

«ዳነች! ተነሳች! አመሰግናለሁ፣ ልጄ። እንግዲህ እሷን አምጪልኝ።»

«ማንን፣ ንዳቴ?»

«ሙዋንጋላን ነዋ! ባለቤቴን። እዚያ ውስጥ ናት። ጉሮሮዋን ታማ ድምፅዋ ሊሄድ ነው ሲሉን ልጄ ይህችን ማሽን አመጣላት። ተረቱን፣ መዝሙሩን... ለልጅ ልጆቿ ስትናገርባት ነበር። ከዚያ ድምፅዋ ሄደ። ከዚያ እሷ ሄደች። ከዚያ ማሽኗ አልነሳም አለች።»

ስክሪኑን አየሁ። ባዶ። ንጹሕ። የእኔ ንጹሕ ሥራ።

«ልጅዎ ጋ... ቅጂ ይኖር ይሆን?»

«ምን ቅጂ? አባቴ ጋ አለ ብሎ ነው እሱም የሚኖረው።»

«ትንሽ... ትንሽ ልየውና... ነገ...» ብዬ ወጣሁ። ሸሸሁ ብል ይሻላል። ከበሩ ውጪ ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። ከውስጥ ድምፃቸው ይሰማኛል፤ ለልጆቹ፣ «አሁን ትሰሟታላችሁ፤ በዚህ በሴናንጋ ከተማ እንደሷ የሚዘምር አልነበረም!» ይላሉ።

ዓርብ፣ ጁን 14

ምን አደረግሁ... ምን አደረግሁ።

ጠዋት ሚስተር ሙንዲያ ቢሮ ገባሁ። የሰማው ሲገባው ፊቱ አመድ መሰለ። እጁን አፉ ላይ ጫነ። «ረስቼው ነው» አለ። «አስጠግንልኝ ያሉትን ጭራሽ ረስቼው ነው።» እውነቱን ነው፤ የተጸጸተ ሰው ፊት ነበረው። አዘንኩለት። ግን ወዲያው ምን አለ?

«ዲስኩ ሞቶ ነበር በያቸው።»

«ምን?»

«አሮጌ ማሽን ነው። ቀድሞ ሞቶ ነበር። ማን ያውቃል? ለሳቸውም ይሻላል፤ ሰው አጠፋው ከሚሉ ማሽኑ ሞተ ቢሉ ይቀላል።»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። እሑድ እሑድ ፊት ለፊቴ ተነስቶ መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነበው ሰው ነው ይሄ? ከዚህም የባሰ ያስደነገጠኝ ግን ሐሳቡ ለአፍታ ደስ ማለቱ ነው። ለእኔ። አንድ አፍታ... እውነትም ማን ያውቃል? አልኩ።

ወጥቼ ለሊካንዶ ደወልኩ። የመጀመሪያ ጊዜ ነው ሳይስቅ የሰማኝ።

«ካጠፋሽው በኋላ ተሠርቶበታል?»

«ማክሰኞ ልጆቹ ጽፈውበታል። ስዕል ስለውበታል።»

«አጥፊው። አሁን! እንዳይበራ። ናሲ ስሚኝ፤ ፋይል ጠፋ ሲባል የሚፋቀው መቃብሩ ላይ ያለው ስም ነው። ሬሳው ሌላ እስኪቀበርበት እዚያው አለ። አንቺ የጫንሽው ጥቂት ቦታ በልቷል፤ የቀረው ሊገኝ ይችላል። በዲስኩ ካስነሳሽው ግን ባበራሽው ቁጥር ይጽፍበታል።»

«ታዲያ በምን ላስነሳው?»

«በቡችላው ነዋ። እሱ ዲስክ አይነካም። የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም ስሙን እልክልሻለሁ። ያገኘውን የሚያስቀምጥበት ሌላ ሃርድ ዲስክ ደግሞ በነገው አውቶቡስ እሰድልሻለሁ። ያንኑ ዲስክ ላይ እንዳታስቀምጪ!»

«ሁሉም ይገኛል?»

«አውቶቡሱን ጠብቂ» ብሎ ዘጋው።

ቅዳሜ፣ ጁን 15

ነገርኳቸው።

በገበያው በኩል የእህታቸው ልጅ ቤት ነው ያረፉት። ግቢው ውስጥ መረብ ይጠግኑ ነበር። ጆሯቸው ስለማይሰማ እንዲህ ያለውን ነገር ጮክ ብዬ መናገር ነበረብኝ። ጎረቤት ሁሉ እየሰማ። «ንዳቴ፣ ማሽንዎን እኔ ነኝ ያጠፋሁት! ውስጡ ያለውን አላየሁም! ሳልጠይቅ አጠፋሁት!»

መረቡ ከእጃቸው አልወደቀም። አልጮሁም። የሚጮሁ መስሎኝ ነበር... ተዘጋጅቼ ነበር።

ቆይተው፣ «ፖንቶን ላይ ሳለሁ» አሉ፣ «የአንድ ሰው በሬ ወንዝ ገብቶብኝ ነበር። ያሰርኩት እኔ ነኝ። ገመዱን ያላልኩት እኔ ነኝ። ለሰውየው እኔው ነገርኩት።»

«ምን አለዎት?»

«ከነአያቴ ሰደበኝ። እኔም አንቺን ልሰድብሽ ፈልጌ ነበር። ድምፅ አጣሁ።»

የእህታቸው ልጅ ከጓዳ ወጥታ፣ «ሂጂልን፣ ማዳም» አለችኝ። ሄድኩ። ገና ተስፋ አለ ያልኳቸውን የሰሙኝ አልመሰለኝም።

ሰኞ፣ ጁን 17

የሊካንዶ ሃርድ ዲስክ ደረሰ። ሹፌሩ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ «እንቁላል ነው አሉኝ» ብሎ ሰጠኝ።

ቡችላው ተነሳ። ፕሮግራሙ ፍለጋ ጀመረ። ቁጥሩ ሲሄድ ሳየው... ልክ መሄድ ሲጀምር መብራት ጠፋ። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ዘመን የለውም። ሁሉም ጨለመ። ክፍሉ መሐል ቆሜ ጮህኩ። ብቻዬን።

ማክሰኞ፣ ጁን 18

የሚሲዮኑ ክሊኒክ ሶላር አለው። ነርሷን ለመንኳት። «ክትባቱ ፍሪጅ አጠገብ አስቀምጪው፤ ገመዱን የነካ ሰው ካየሁ እኔ ራሴ እወጋዋለሁ» አለች። እንደገና ከመጀመሪያው።

ረቡዕ፣ ጁን 19

አለቀ። አገኘ።

ስም የላቸውም። ሁሉም ቁጥር ብቻ ናቸው። የትኛው የማን እንደሆነ የሚታወቅ ነገር የለም። ድምፅ መሆናቸውን ብቻ ለማየት አንዱን ከፈትኩ... ጩኸት፣ ጭርርር የሚል ብቻ። ሁለተኛው ያው። ሦስተኛው ላይ ሴት ሳለች። ሳለችና ጉሮሮዋን ጠረገች። እጄን ከማሽኑ ላይ አነሳሁ፤ እንደተቃጠለ ሰው።

ዘጋሁት። ቀድሜ መስማት ያለብኝ እኔ አይደለሁም።

ሐሙስ፣ ጁን 20

ከትምህርት በኋላ ንዳቴ መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ተቀመጡ። ክፍሉ ውስጥ ሁለታችን ብቻ። ጆሯቸው ስለማይሰማ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት።

አንድ በአንድ። ጩኸት። ጩኸት። ግማሽ መዝሙር፤ የሴቶች መዘምራን፣ መሐል ላይ የተቆረጠ። ንዳቴ እጃቸውን አነሱ፤ «እሷ ናት፤ ያቺ ድምፅዋ ከላይ የሚሄደው።» ከዚያ ጩኸት። ከዚያ ዝምታ። ብዙው ሄዷል። የዘመረቻቸው አብዛኞቹ መዝሙሮች የሉም። ይሄንን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ እየሰማሁት ነው።

ከዚያ አንድ ሙሉ መጣ። ጥርት ያለ። እማማ ሙዋንጋላ፣ ደከም ባለ ግን በሚያስቅ ድምፅ፤ «እሺ ልጆች፣ ተሰብሰቡ። ጥንቸል የኤሊን ከበሮ ተዋሰች። ከበሮው ግን እንዲሁ ከበሮ አይደለም፤ የሚመታው ሰው...»

ንዳቴ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ፊታቸው ላይ ያየሁትን መጻፍ አልችልም።

በዚህ መሐል ከሩቅ ወንድ ድምፅ ጮኸ። ስፒከሩ ተንቀጠቀጠ።

«ሙዋንጋላ! በሩ! በሩን ዝጊ አላልኩሽም! ቀኑን ሙሉ ከብረት ጋር ስታወሪ ትውያለሽ! እሳቱ ጠፋ፣ ሰው ተራበ! ሰው አይደለሽም እንዴ አንቺ!»

ንዳቴ ዓይናቸውን ገለጡ። «ማነው ይሄ?»

ድምፁን ልቀንስ እጄን ሰደድኩ።

«ማነው ይሄ ጯሂ? ማነው ቤቴ ገብቶ የሚጮህባት?»

«እርስዎ ነዎት፣ ንዳቴ።»

«እኔ?» ቆሙ። ወንበሩ ከኋላቸው ወደቀ። «እኔ በሷ ላይ ጮኼ አላውቅም። ለሰው ሁሉ የምናገረው እሱን ነው። ታማ እያለች? ያን ጊዜ እኮ ታማ ነው!»

አቆምኩት። ስክሪኑን ነው የሚያዩት፤ ሰው ከውስጡ ይወጣ ይመስል።

«ይህቺን አጥፊልኝ» አሉ። «ይህቺን ብቻ። ለማጥፋት መቼም ታውቂበታለሽ።»

ይሄ ገባ። አጥንቴ ድረስ። ግን እጄ አልሄደም። «ቀሪውን አልሰሙም እኮ...»

«በቃኝ!»

ባርኔጣቸውን ረስተው ሄዱ።

ዓርብ፣ ጁን 21

አላጠፋሁም። ትእዛዛቸውን እምቢ ማለቴ ነው? አላውቅም። አንዴ ሳልጠይቅ አጠፋሁ፤ አሁን ተጠይቄ አላጠፋም። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ደግሞ ሌላ ነገር መጣብኝ፤ ዛሬ ክፍል ውስጥ ቆሜ፣ ልጆቹ እየጻፉ ሳለ። የሌሎቹስ? ከባሕር ማዶ የመጡት ሁሉ... በእያንዳንዳቸው አዎ፣ አዎ፣ አዎ ብያለሁ። የማን ልጅ ፎቶ ነበረበት? የማን እናት? ሰዎቹ ሲሰጡ አውጥተውት ይሆናል። ላይሆንም ይችላል። የነሱ ንዳቴ ግን ደጄ ድረስ መጥቶ አይጠይቀኝም። ጠመኔውን አስቀምጬ ተቀመጥኩ። «ማዳም ታመምሽ?» አሉኝ።

የቀረውን ሰማሁት። አልሰማም ብዬ ነበር። ግን አጥፊ የተባልኩትን ሳላውቀው እንደገና ላጥፋ? ሰማሁት። ሰምቼ አፌን ይዤ ቀረሁ።

ማክሰኞ፣ ጁን 25

ስልኬ ላይ ገልብጬ፣ ባርኔጣቸውን ይዤ ሄድኩ። የእህታቸው ልጅ በር ላይ ቆመች።

«ደግሞ ምን ልታጠፊ መጣሽ?»

«ባርኔጣ ልመልስ ነው። አንዴ ብቻ ያድምጡልኝ። ከዚያ እሳቸው ራሳቸው ስልኩ ላይ ይጫኑና ያጥፉት።»

ከውስጥ፣ «አስገቢያት!» አሉ። ጉንጫቸው ገብቷል። ከሐሙስ ጀምሮ ምግብ አልቀመሱም አለችኝ። ስልኩን ጆሯቸው ሥር ያዝኩት። ከጩኸቱ በኋላ ካለው ጀመርኩ። በሩ ሲዘጋ ይሰማል። ከዚያ ዝምታ። ከዚያ እሷ፣ ወደ ማይኩ ጠጋ ብላ፣ ሹክ እያለች...

«ይቅርታ ልጆች። አያታችሁ ፖንቶኑን እያሻገረ ነው።»

ከዚያ ሳቀች። ጉሮሮዋ እያመማት፣ ሳሉ እያቋረጣት፣ ሳቀች። «ከወንዝ ማዶ ላለ ሰው ነው ሁልጊዜ የሚያወራው። እኔ ግን እዚሁ አጠገቡ ነኝ። እሺ... የት ደረስን? ከበሮው...»

የእህታቸው ልጅ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ መቀነቷን ዓይኗ ላይ አደረገች። ንዳቴ አልሳቁም፣ አላለቀሱም። ዓይናቸው ፈጦ ስልኩን ያዩታል።

«ስቃለች» አሉ።

«አዎ፣ ንዳቴ።»

«እየጮህኩባት ስቃለች። ደግመሽ አሰሚኝ።»

ደገምኩ። ደገምኩ። ጣታቸውን ስልኩ ላይ አላሳረፉም።

ከዚያ ተረቱን እስከሚቆረጥበት ሰሙ። ጥንቸል ከበሮውን አልመልስም ብላ ጉድጓዷ ገብታለች፤ ኤሊ በሩ ላይ ቆሞ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፍቷል... ጭርርር። የቀረው የለም። በላዩ ላይ የተጻፈበት የእኔ ሲስተም ነው፤ ወይ የልጆቹ ስዕል።

«ኤሊ ምን አላት?» አልኳቸው። «ይንገሩኝና ልጻፈው። ቢያንስ ተረቱ አይጥፋ።»

አፋቸውን ከፈቱ። ዘጉት። በዚያ ፊት ላይ እስከዛሬ ካየሁት ድንጋጤ ሁሉ የባሰውን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

«አላውቅም» አሉ። «ለልጆቼ ስትነግር፣ ለልጅ ልጆቼ ስትነግር... ከግድግዳው ወዲያ ነበርኩ። አንድም ቀን ተቀምጬ እስከ መጨረሻው አልሰማኋትም።»

ዓርብ፣ ጁን 28

የመምህራን ስብሰባ። ተነስቼ ያደረግሁትን ነገርኩ፤ ሁሉንም። ሚስተር ሙንዲያ ጠረጴዛውን ያያል። አሁን ታጋልጠኛለች ብሎ ሳይፈራ አልቀረም። «ዲስኩ ሞቶ ነበር በያቸው» ያለውን አላነሳሁም። ዝም ብዬ ልቀመጥ ስል ራሱ ተነሳ። «ረስቼ ቁም ሳጥን ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ» አለ። ሌላ አልጨመረም። ይበቃል።

ከእንግዲህ ወደዚህ ግቢ የገባ አሮጌ ማሽን መጀመሪያ የሚነሳው በቡችላው ነው። ዲስኩ ሳይነካ ይታያል። ባለቤት ይጠየቃል። ባለቤቱ ካልታወቀ ውስጡ ያለው ይገለበጣል፤ ከዚያ ብቻ አንቲኤክስ። ሊካንዶ፣ «ለአንድ ሲስተም ምርጫ ሁለት መረጥሽ» አለኝ። ልክ ነው።

ሐሙስ፣ ጁላይ 4

ንዳቴ ሊስዋኒሶ ወደ ሰፈራቸው አልተመለሱም። ይሄውና ስንት ቀን ሆናቸው፣ ከእማማ ሙዋንጋላ ጋር ይዘምሩ የነበሩትን ሴቶች ቤት ለቤት እየዞሩ ነው። ጥንቸልና ኤሊን የሚያውቅ አለ? ይላሉ አሉ፣ በዚያ ድምፃቸው፣ ገበያው መሐል። ሰው ይስቃል። እሳቸው ግን ይዞራሉ።

ዛሬ ከትምህርት በኋላ ሁለት አሮጊቶች ይዘው መጡ። ማይኩን ሰካሁ። ገና ሳይቀመጡ ተጣሉ።

«ኤሊ ከበሮውን እንቺ ውሰጂው፣ መምቻው ግን እኔ ጋ ነው አላት» አለች አንዷ።

«የት የሰማሽው ነው! ሙዋንጋላ እንደዛ ብላ አታውቅም። ኤሊ በሩ ላይ ተኛ። ተኝቶ ሦስት ዝናብ ዘነበበት። ጥንቸል በርሃብ ወጣች።»

«ያ የእናትሽ ተረት ነው!»

«የእናቴን አታንሺ፣ አንቺ የመዝሙሩን ግማሽ እንኳ ሳትዘምሪ አፍሽን ብቻ የምታንቀሳቅሺ!»

እኔ ሳቄን ለመያዝ ጠረጴዛውን ጨበጥኩ። ንዳቴን አየሁ። ይቆጣሉ፣ ዝም በሉ ብለው ይጮሃሉ ብዬ። አልጮሁም። ወንበራቸውን አንስተው ሁለቱ መሐል አስጠጉት፤ ጉልበታቸው የአሮጊቶቹን ጉልበት እስኪነካ። መዳፋቸውን ከደህናው ጆሯቸው ኋላ አደረጉ። ጎንበስ አሉ።

«ቀስ እያላችሁ» አሉ። «እኔ የትም አልሄድም።»

መቅረጫውን ተጫንኩ። ማጥፊያው የቱ ጋ እንዳለ አይቼ፣ እጄን ከዚያ አራቅሁ።